የዲያቆኑ ዓይንና የጠዋቷ ጠብታ

ነሐሴ 2፣ ማታ
አነበበ! ያለ መነጽር አነበበ! ሰላም እንኳ ሳልልሽ፣ ማስታወሻዬ፣ ይቅር በይኝ። ልጄ ዲያቆን ይበልጣል ዛሬ ቅዳሴ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አፍንጫው መጽሐፉን ሳይነካ መልእክቱን አነበበ። እኔ ሴቶች በኩል ቆሜ እንባዬን በነጠላዬ። ያ የጠርሙስ ቂጥ መነጽር ቀረ!

ሐምሌ ላይ ነው አዲስ አበባ ሐኪሞች ቀጭን ሌንስ ዓይኑ ውስጥ ያስገቡለት። የራሱ ሌንስ አልወጣም፣ ከፊቱ ተደረበለት እንጂ። ጎረቤት ግን "የሰው ዓይን ገባለት" ይላል። ሳስረዳ ዋልኩ። ደስ ብሎኝ ነው የማስረዳው።

ነሐሴ 5
ባሕር ዳር፣ ለክትትል። ዶ/ሯ የግራ ዓይኑን ለክታ ፊቷ ተለወጠ። የዓይኑ ግፊት ጨምሯል። ካልወረደ የዓይኑን ነርቭ ይጎዳል፤ ሌንሱም ሊወጣ ይችላል አለች። ከሌንሱ ጋር የታዘዘልህን የግፊት ጠብታ ጠዋት ማታ ታደርጋለህ? አለችው። እሱ የሚኒባሱን ሰዓት ይጠይቀኛል።

ሚኒባሱ ውስጥ አወጣጣሁት። ለካ የጠዋቷን ይተዋታል! ጉሮሮው ድረስ ወርዳ ትመረዋለች፤ ጾሜን ገድፌ እንዴት ልቀድስ ይላል። ፍልሰታ ነዋ። ልናደድ ወይስ ልኩራ? ሁለቱንም።

ነሐሴ 6
ይዤው ወደ ነፍስ አባታችን። አባ ከት ብለው ሳቁ። "በዓይኑ በልቶ የጠገበ ሰው እስካሁን አላየሁም። መድኃኒትህን አድርግ ልጄ!"

ዶ/ሯም በስልክ ዘዴ ነገረችን፦ ጠብ አድርጎ፣ ጨፍኖ፣ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይኑን ጥግ በጣቱ ጫን ማድረግ። ሞከረ። "እማዬ፣ አልመረረኝም!"

ነሐሴ 9
ጠዋት ጠዋት አጠገቡ እቆማለሁ። "ዘበኛ ሆንሽብኝ እኮ" ይላል። አዎ፣ ያለ ደመወዝ! አፌ ይቀልዳል፣ ሆዴ ግን ፈርቷል። ያ ሌንስ ቢወጣስ?

ነሐሴ 12፣ ማታ
ወረደ! ግፊቱ ወረደ! ሌንሱም ቦታው ላይ ነው። ዶ/ሯ ግን አስጠነቀቀች፦ ዓይንህን አትሽ፤ ደህና ብታይም በየዓመቱ ትመረመራለህ፣ ዕድሜ ልክህን። እኔ አፌን ሳልከፍት ቀጠሮውን ራሱ ጠየቀ። የኔ ልጅ!

የቡሄ ጅራፍ በየሰፈሩ ይጮሃል፤ ለኛ የሚጮህ መሰለኝ። ድግስ ልደግስ ወሰንኩ። ወንድሜ ከጉና በግ ይዞ ይወርዳል። አባም፣ ያ "የሰው ዓይን" ባዩ ጎረቤትም ሁሉም ይመጣሉ፤ ዶ/ሯንም ደውዬ ጠርቻታለሁ። ጠዋት መጀመሪያ ጠብታው፣ በጉ ኋላ። ነሐሴ 16፣ የፍልሰታ ፍቺ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እኛ ቤት። ማንም እንዳይቀር!