ቀለበት የሚጎርሰው ብረት

መርሳ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሙስዐብ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማ ጉልበቷን አሁንም ያማታል፤ ግን ገበያ በእግሯ ደርሳ መመለስ ጀምራለች። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ ፊዚክሱም እንደፈራህልኝ አልከበደኝም። ስልክህ ላይ ስደውል ሴትዮዋ ዝግ ነው ስለምትለኝ ነው መጻፌ። እማ ብታይ፣ ለተቀበረ ሰው ዱዓ ነው እንጂ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ትለኛለች። ዱዓውንም አልተውኩም። የሸራ ሱቅህን ወሬ ግን በዱዓ እንዴት አድርጌ ልንገርህ?

ደግሞ ደስ የሚል ወሬ ነው። አረንጓዴው ብረት ሠራ።

ከወልድያ አሮጌ ዕቃ ተራ ገዝተኸው ስትመጣ፣ ሻጩ የሸራ ቀለበት፣ ያን ገመድ የሚገባበትን፣ መምቻ ነው ብሎህ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም የባጃጅ ሸራ ላይ ቀለበት በቀጥታ መትቶልህ አያውቅም። አንዱን ጎን ይጨፈልቃል፣ ሌላውን ሳይነካው ይተዋል፤ አንተም "ገና አልተዋወቅንም" ትልና በመዶሻ ታቃናዋለህ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁን ገርበብ አድርጌ በቁርጥራጭ ሸራ እለማመድ ነበር። አንተ እንዳስተማርከኝ ጮክ እያልኩ፦ አጉርስ፣ ተጫን፣ አጉርስ፣ ተጫን። በር ላይ የሚቆሙት ባለባጃጆች፣ እዚህ ቤት ማነው እንዲህ የሚጎርሰው፣ እኛም እኮ ርቦናል እያሉ ሳቁብኝ።

አጠገባችን ብየዳ ቤት ያላቸው ጋሽ ደሞዜም ይህንኑ ሰምተው ገቡ። የድሮ ወታደር መሆናቸውን ታውቃለህ። ብረቱን ገልብጠው ሥሩን በጣታቸው ዳበሱና ሳቁ።

"ዓሪፍ፣ ሳታውቀው በስሙ ጠርተኸዋል። ይኼ የሚጎርሰው ጥይት ነው።"

የተተኮሰ ቀለህ፣ ባዶውን ማለቴ ነው፣ እዚህ ላይ ተቀምጦ እንደገና ይሞላበታል አሉኝ። ውጭ አገር አዳኞች ይገለገሉበታል አሉ። ቀለበታችን የሚጣመመው መቀመጫው ለቀለህ ቂጥ ተብሎ ስለተቦረቦረ ነው። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ "ወንድምህ እጁ አልሰነፈም። ብረቱ የሚያውቀው ሌላ ሥራ ነው" አሉኝ። ይኼንን እንድትሰማው ፈልጌ ነበር።

እማ ግን ምሳዬን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጥይት የሚለውን ሰማች።

ያን የጦርነት ዓመት ከማሽላው ማሳ ለቅመን ያመጣነውን ቀለህ ከኪሳችን ስታራግፍ እንዴት እንደነበረች ታስታውሳለህ? ያው ፊቷ ተመለሰ። ብረቱ ዛሬውኑ ከቤቴ ይውጣ አለች። የሙስዐብ እጅ የነካው ነው ብላት፣ እጁ የነካው መቀስም አለ፣ እሱን ያዝ አለችኝ። መቀሱን አንተ ወዳጅ አድርገኸው አታውቅም፤ ከዚህ ብረት ጋር ግን ስትጣላና ስትታረቅ ነው የኖርከው።

ወሬው በባለባጃጆቹ በኩል ወጣ መሰለኝ፣ በማግስቱ ወንዳወቅ የሚባል ሰው መጣ። ሠርግ ላይ ሁሉ የሚተኩሰው፣ ያ ረጅሙ። ብረቱን ልግዛ አለ። እማ ለመስጠት እሺ ልትለው ነበር፤ እኔ ማዳበሪያ ፈልጌ እንድጠቀልልለት ሁሉ አዘዘችኝ። እየጠቀለልኩ እያለ ለምን እንደሚፈልገው ጠየቀችው።

"ለምን ይሆናል እትዬ ሀጂራ፣ ቀለሄን ልሞላበት ነዋ። ጥይት እኮ ተወዷል።"

እማ ወደ እኔ ዞር አለችና ማዳበሪያውን ከእጄ ወሰደችው።

"ከቤቴ ይውጣ ያልኩት ከዚህ ነገር ይራቅ ብዬ ነው" አለችው። "ወደዚያው ይመለስ ብዬ አይደለም። ልጄ እስኪሞት ድረስ ሸራ ነው የሠራበት።"

ወንዳወቅ እየሳቀ ሊያግባባት ሞከረ፤ ኧረ ለደስታ ነው፣ ለሙሽራ ነው አላት። እሷም ለሙሽራ እልልታ ይበቃል ብላ ሸኘችው።

ከዚያ ጋሽ ደሞዜን ራሷ ጠራቻቸው። የተቦረቦረውን መቀመጫ አውጥተው በግራይንደር ቆራረጡት፤ በቦታው ጠፍጣፋ ብረት ለክተው ገጠሙ። እኔ ቀለበት ላነሣ ስል እማ እጄን መለስ አደረገችው። እኔ ላጉርሰው አለች። ቢስሚላህ ብላ፣ አንዲት ቀለበት በሦስት ጣቷ ይዛ፣ ልክ ታሞ እንቢ ላለ ልጅ ጉርሻ እንደሚሰጥ አድርጋ ብረቱ አፍ ውስጥ አኖረቻት። እኔ ተጫንኩ። ሙስዐብ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ። ዙሪያውን በአውራ ጣቷ ስትዳስሰው ቆየች፤ የትም ጋ አልቧጠጣትም።

"በል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፈት" አለችኝ። "በትምህርት ቀን ግን እግርህን እዚህ እንዳላይ።"

አላህ ይዘንልህ፣ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ኑር ያድርግልህ። እማን በሕልሟ መጥተህ አብሽሪ በላት፤ እኔ ስላት ሳቅ ይመጣባታል። እዚህ ላይ ላበቃ ነበር፤ የዛሬን ጠዋት ሳልነግርህ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ብቻዬን ከፈትኩ። መዝጊያው እንደ ልማዱ ተቀርቅሮ ስለነበር በትከሻዬ ገፋሁት። ጠረግኩ። የአንተን መቀመጫ በጨርቅ ወልውዬ እንደነበረ መለስኩትና ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ሆኜ ለአንድ ሰማያዊ የባጃጅ ሸራ ቀለበት መታሁ። አንዷም አልተጣመመችም። ረፈድ ሲል አንድ ሽማግሌ ከሲሪንቃ በኩል የተቀደደ ሸራ ተሸክመው ደረሱ፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ተነሥቼ በርጩማውን ሰጠኋቸው። ቅዳዱን ቆሜ ልስፋ ብል የስፌት መኪናው ፔዳል ለቆመ ሰው አልመች አለኝ። ዞር ብዬ ሌላ የሚቀመጡበት ነገር ፈለግኩ።

"ምን ትፈልጋለህ ልጄ? መቀመጫህ ያውና" አሉኝ።

ተቀመጥኩና ሰፋሁላቸው።

ወንድምህ ዓሪፍ