የአባባ ሕመም በአንተ አፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን

ለምወድህ ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔና እማዬ ደህና ነን። ጉልበቷን ትንሽ ሻል ብሏታል፤ ደረጃውን እንደ ድሮው እያማረረች መውረድ ጀምራለች።

ስልክህን ያላነሳሁት ታምሜ አይደለም። ድምፅህን ስሰማ አለቅሳለሁ፣ ሳለቅስ ደግሞ ታባብለኛለህ። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ቃለ መጠይቁን ወድቄያለሁ። ያ ትልቁ ኩባንያችሁ ትናንት በአጭር መልእክት አሰናበተኝ።

ተዘጋጂ ያልከኝን ሁሉ ተዘጋጅቻለሁ። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ የኮድ ጥያቄዎቹ ላይ እደፋ ነበር። መልሱን በቃሌ የማውቀውን ጥያቄ ገና አሁን እንዳየሁት ሆኜ ግንባሬን መቋጠር፣ "እስቲ ላስብበት" ማለት፣ ከዚያ ድንገት እንደ በራለት ሰው ፈገግ ማለት መስታወት ፊት ተለማመድኩ። ፊቴ አስጠላኝ። ቢሆንም ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው ብዬ ዋጥኩት።

አልዋጥ ያለኝ የዚያ ቅዳሜ ነገር ነው። በቪዲዮ ስታለማምደኝ፣ "በሥራሽ ላይ የገጠመሽን ከባድ ጊዜ ንገሪን ይሉሻል" አልከኝ።

"ቆይ፣ እኔ ስቀጠር ያልኩትን ላሳይሽ" ብለህ የሸሚዝህን ኮሌታ አስተካከልክ።

"አባቴ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ተኛ። ጀርባው እንዳይቆስል የማገላብጠው እኔ ነበርኩ። ላፕቶፔን የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ በአንድ እጄ እያጎረስኩት በሌላው ኮድ እጽፍ ነበር። አንድም ቀን ሥራዬን አላስተጓጎልኩም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞር አልክና፣ "አየሽ ሚጡ፣ እዚህ ጋ ትንፋሽ ትወስጃለሽ። ዓይንሽ እርጥብ ቢል ጥሩ ነው፣ ማልቀስ ግን አይሆንም" አልከኝ።

ወንድሜ፣ ያንን መተኮሻ ጠረጴዛ አንተ ያየኸው በስልክ ነው። የአንሶላው ሽታ ከእጄ አልለቅ ብሎ ምግብ የዘጋው እኔን ነው። ደግሞ ሥራዬን አስተጓጉያለሁ፤ አለቃዬ ቢሮው ጠርቶ አስጠንቅቆኛል። አባባ ማንኪያውን ነክሶ አልለቅም ሲለኝ ተናድጄ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆሜያለሁ። በአንተ አፍ ግን ሁሉም ታጥቦ፣ ተተኩሶ ወጣ።

ከውሸቱ የባሰብኝ፣ ማን ፊት እንደምታወራ እንኳ ትዝ ሳይልህ መቅረቱ ነው። ደጋግመህ ተናግረኸው ለአንተም እውነት ሆኖብህ ይሆናል። "ጥሩ ነው" አልኩህና ኔትወርኩን አመካኝቼ ዘጋሁት።

ቃለ መጠይቁ ላይ ኮዱን ጨርሼ ነበር። ከዚያ ፈገግታ የማይለያት ሴትዮ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። አባባ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። የራሴ ታሪክ ነው፣ ግን ሰው ልሶ የመለሰው ማንኪያ ሆነብኝ። ለአንድ ፋርማሲ በሠራሁት ፕሮግራም ላይ አንድ ስህተት ስፈልግ እንዴት እንደሰነበትኩ ነገርኳት።

"ከዚህ ከበድ ያለ የለሽም?" አለችኝ።

"የለኝም" አልኳት።

ከእንግዲህ ስሜን ለማንም እንዳታቀርብልኝ። ያለኝ ሥራ ይበቃኛል።

ለእማዬ ምኑንም አልነገርኳትም። ዛሬ ጠዋት ልብስ ስናሰጣ፣ "አባትሽን እንዴት አድርገሽ እንዳስታመምሽው ነገርሻቸው?" አለችኝ።

"እሱን ያውቁታል፣ እማ" አልኳት።

"ወንድምሽ ነግሯቸው ነዋ" አለችና ፊቷ በራ። ቀኑን ሙሉ ስትመርቅህ ዋለች። እኔም ምርቃቷ ይድረስህ እላለሁ፤ እንድትጎዳብኝ አልፈልግም። ብርድ ሲሆን ደረትህን እንደሚያፍንህ አውቃለሁ፣ ሸፈን በል።

እሑድ ደውልላት። እኔ ያን ሰዓት ቤት አልሆንም።

እህትህ