ሶፊያ ያልደረሰችው ልጅዎ

ውድ አባቴ፣ መሪጌታ ገብረ ኪዳን፤

ይህን ወረቀት ያመጡልዎት አቶ አዘዘ ከሰላምታም በፊት «እሌኒን አሁኑኑ ሆስፒታል እናድርሳት» ብለውዎት ይሆናል። እባክዎ እሺ ይበሏቸው። ለምን እንደሆነ እዚያ ተራ ስትጠብቁ ያነብቡታል። አሁን ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ ይክተቱትና ልጅቱን ይዘው ይሂዱ።

እንግዲህ ሄዳችሁ፣ ደርሳችሁ ተቀምጣችኋል ብዬ ልቀጥል።

ቡልጋሪያ አይደለሁም አባቴ። ሄጄም አላውቅም። ይህን የምጽፍልዎት ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣው መርከብ ላይ ሆኜ፣ ቁንዝላ ቆሞ እህል ሲጫን ነው። ጽሕፈቴ የተበላሸው በሞተሩ ነው እንዳልል፣ ሞተሩ ጠፍቷል።

ለቡልጋሪያው ትምህርት የተመረጥሁ ዕለት እርስዎ ደስ እንዳላለዎት አስታውሳለሁ። «እግዜር የለም በሚሉበት አገር ስለ ሰው ደኅንነት ምን ያስተምሩሻል?» አሉኝ። እኔም ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝን ወረቀት አውጥቼ የትምህርቱን ርእስ አነበብሁልዎት፦ «የማኅበረሰብ ኑሮና የሰው ደኅንነት፣ ከልደት እስከ እርጅና»። ወረቀቱን ተቀብለው ራስዎ አነበቡትና «ርእሱስ ደግ ነው» አሉ። ከእርስዎ አፍ ይህች ቃል ስትወጣ ግማሹን መንገድ የሄድሁ መሰለኝ።

ከዚያ ያ ሽኝት መጣ። ስለሱ ባልጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ያበላሸኝ እሱ ነው። የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ስለ አብዮቱና ስለ ወንድም ሕዝቦች ተናግሮ ሲጨርስ፣ በስብሰባ አፍዎን ከፍተው የማያውቁት እርስዎ ተነሡ። እኔ ደነገጥሁ። «ልጄ የምትሄደው» አሉ፣ «ሕፃን እንዴት እንደሚያድግ፣ ሽማግሌ እንዴት እንደሚጦር ተምራ ልትመጣ ነው። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለሁላችሁም ነው። እሷ እስክትመለስ እሌኒን ከእኔ ጋር ጠብቁልኝ።» ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እትዬ የብርጓል የዕድሩ ሴቶች ፈትለው ያሠሩትን ጋቢ በትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «ለበረዶው» አሉኝ። እሌኒ ጋቢው ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። ያን ጊዜም እኔ እያሳለኝ ነበር። የአዳራሹ አቧራ ነው አልሁ።

አዲስ አበባ ከመሳፈራችን በፊት የጤና ምርመራ ነበር። ራጅ አነሡኝ። ሐኪሙ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ብዙ አየው።

«ሳል አለብሽ?»

«ትንሽ። ጉንፋን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምት።»

«እኅቴ፣ የክረምት ጉንፋን እስከ ጥቅምት አይቆይም» አለና ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ ተቀመጠ። «የሳንባ ነቀርሳ ነው። መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ከወሰድሽ ትድኛለሽ። ጉዞው ግን አይሆንም።»

ትድኛለሽ ማለቱን ከሳምንታት በኋላ ነው ያስታወስሁት። ያን ዕለት የሰማሁት ጉዞው አይሆንም ያለውን ብቻ ነው። አባቴ፣ እንዲያው እውነቱን ልንገርዎትና፣ ሞትን አልፈራሁም። የፈራሁት ያጨበጨበውን ሰው ነው። ሻንጣዬን እንደያዝሁ ሰፈር ስገባ፣ ሴቶቹ ከየደጃፋቸው ብቅ ብለው «ምነው ተመለሽ?» ሲሉኝ ታየኝ። መልሱም ታየኝ። እኛ ሰፈር ይህ በሽታ ስሙ አይጠራም። ያቺን ከወንዝ ማዶ መጥታ ተከራይታ የነበረችውን ሸጊቱን አይዘነጓትም፤ በዕድር ድንኳን ውስጥ ዋንጫዋን ለይተው ያስቀምጡባት ነበር። ቤቱን ለቅቃ ስትሄድ የሸኛት ሰው አልነበረም። እኔስ? ሥራዬ በየቤቱ እየዞሩ «የሚያስለውን ሰው አትደብቁ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱ» ማለት ነው፤ ደሞዜም ከዚያ ነው። የሸጊቱን ደጃፍ ግን ፈጠን ብዬ ነበር የማልፈው።

እናም ትኬቱን ወደ ጎንደር ቆረጥሁ። አብራኝ የተማረችው ፀሐይወርቅ ጎርጎራ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። እዚያ ተደብቄ መድኃኒቴን ወስጄ፣ የትምህርቱ ጊዜ ሲያልቅ በየካቲት መጨረሻ ከሶፊያ እንደመጣ ሰው ልመለስ አሰብሁ። አዩ? ምን እንደማወራላችሁ ሁሉ አሰናድቼ ነበር፤ በረዶውን፣ ሰዉን፣ ምግቡን።

ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ በባሕር ዳር ያልፋል። ከተማው ስንደርስ ጋቢውን እስከ ዓይኔ ሳብሁት። ጊዮርጊስ አጠገብ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ቀና ስል እርስዎ ነዎት፤ መቋሚያዎን ይዘው መንገድ ሊያቋርጡ ነው። ሾፌሩ «ይለፉ አባ» ብሎ በእጁ ጠቆመዎት። እርስዎም ተሻግረው ሲያበቁ ዞር ብለው መስቀልዎን አወጡና አውቶቡሱን ባረኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ራሱን ዝቅ አደረገ። እኔም ዝቅ አልሁ፤ ለመባረክ ሳይሆን እንዳያዩኝ። ዓባይ ድልድይ እስክናልፍ ከመቀመጫው ሥር አልተነሣሁም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «አሞሻል?» ስትለኝ «አዎ» አልኋት። ለሰው የተናገርሁት እውነት ያ ብቻ ነበር።

ፀሐይወርቅ እንደ እናት ተቀበለችኝ። ክፍሏን ለቀቀችልኝ፤ መርፌውን ራሷ ትወጋኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ እንደ ሥራዋ፣ ጠየቀችኝ።

«ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነበር የምትኖሪው? አብሮሽ የሚተኛ ሰው አለ? መመርመር አለባቸው።»

«ብቻዬን ነው የምኖረው» አልኋት።

«አባትሽስ?»

«ደሴት ገዳም ገብተዋል።»

ይኸው አባቴ። ይህ ነው የምጽፍልዎት ነገር። ሌላው ሁሉ የራሴ ውርደት ነው፤ ይህ ግን እናንተን ነካ። እውነቱን ብነግራት ወደ ባሕር ዳር ትጽፋለች፤ ከጻፈች ትሰማላችሁ። ስለዚህ እርስዎን ገዳም አስገባሁዎት፣ እሌኒን ደግሞ ከነጭራሹ አላነሣኋትም። እህቴ እናትዓለም እሷን ወልዳ ከሞተች ጀምሮ በአልጋዬ ላይ የምትተኛውን፣ ትንፋሼ ካልሞቃት እንቅልፍ የማይወስዳትን ልጅ የለችም አልሁ። በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ለሌሎች አስተምራለሁ። ሲጨንቀኝ «ልጅ ናት፣ ጠንካራ ናት፣ የካቲት ደርሷል» እላለሁ። ሳሉ እየተወኝ፣ ፊቴ እየወዛ ሲሄድ ጭራሽ ደስ እያለኝ መጣ። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ስለ ሶፊያ የማወራውን እለማመድ ነበር።

ባለፈው መርከብ የመጣ ቀን ዓሣ ልገዛ ወደቡ ሄድሁ። ከኋላዬ «ሰገነት!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ዞርሁ። የዕድራችን ለፋፊ አቶ አዘዘ ናቸው። ጎርጎራ የሚኖረው ወንድማቸው ሞቶ ለተዝካሩ መምጣታቸው ነው።

«የመሪጌታ ልጅ አይደለሽም?»

«አይደለሁም። ተሳስተዋል።»

«ልጄ፣ በስምሽ ስጠራሽ እኮ ነው የዞርሽው።»

እሳቸውም ለምን፣ እንዴት አላሉኝም። እንደሚያውቋቸው፣ ሰፈር ሙሉ የሚሰማ ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ፤ «እንኳን አገኘሁሽ። የልጅቱን ነገር የነገረሽ አለ?»

«የቷን ልጅ?»

«እሌኒን ነዋ። ከገና ወዲህ ሳል ይዟት አልለቅ አለ። ሰውነቷ አልቋል። ሌሊት ያልባታል። አባትሽ ዓይን ነው ብለው ጠበል እያመላለሷት ነው፤ አንድ ሁለት ቀን እኔም ተሸክሜያታለሁ። ቅል ናት፣ አትከብድም።»

አባቴ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ዓሣውን እዚያው ጥዬ ሮጥሁ። ፀሐይወርቅ መርፌ ስትቀቅል አገኘኋትና ሁሉንም ዘረገፍሁላት። መቀቀያውን ከእሳት አወረደች፤ እጇን ጠረገች።

«ልጅ አለች? አንድ አልጋ ላይ?»

«አዎ።»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ ሰገነት። በአንደበቴ ጠይቄሽ ነበር።»

«አፈርሁ።»

«እፈሪ! ማን ከለከለሽ? ሰውን አፍረሽ፣ እዚህ ተሸፋፍነሽ ተቀመጪ። ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ልጅቱ እስካሁን መድኃኒት ላይ ነበረች።» ጮኻ አታውቅም፤ ያን ዕለት ጮኸችብኝ፤ ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ተቀምጣ ለሆስፒታሉ ሐኪም ወረቀት ጻፈች። ከዚህ ጋር ታጥፏል፤ ለሐኪሙ ይስጡት። መርከቡ የሚመለስበትን ቀን እንዴት እንደጠበቅሁት አልነግርዎትም። በመኪና ዞሬ ልምጣ ብዬም ነበር፤ የይለፍ ወረቀቱን የሚሰጠው ሰው ማክሰኝት ገበያ ሄዷል አሉኝ።

አሁን አቶ አዘዘ አጠገቤ ናቸው። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ሸጊቱንም ጨምሬ። ሲያዳምጡ ቆዩና «እኔም እኮ ዋንጫዋን ከለዩት አንዱ ነኝ» አሉኝ። ምግባቸውን አውጥተው ከፈቱና «ብዪ» ብለው ከአንድ ገበታ አበሉኝ። የሚያሳፍር ነገር ልንገርዎት? ከእሳቸው እጅ ጉርሻ ስቀበል፣ በዚህ ሁሉ መሐል፣ ደስ አለኝ።

ትምህርቱን ሳልማር ቀረሁ፤ ይቅር። የምጠይቅዎት ነገር ግን አለ።

ፀሐይወርቅ እንደምትለው ሕፃን ቶሎ ከተደረሰላት ትድናለች። ጠበሉን ይተዉ አልልዎትም፤ እርስዎም አይተዉትም። መድኃኒቱን ይጨምሩላት፣ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ። እርስዎም ራጅ ይነሡ። አላስልም ይሉኛል፤ ቢሆንም ይነሡ። የእሌኒን እንጀራ የሚያቀርቡት እትዬ የብርጓልም፣ ልጆቻቸውም ይመርመሩ። በሽኝቱ ሰሞን ቤታችን እየመጡ ከእኔ ጋር ያመሹት ሁሉ ይመርመሩ።

ይህን ለእያንዳንዱ ቤት እየዞሩ ማን ይነግራል? እርስዎ ይህን አይችሉትም፤ እኔም ብዞር በር የሚከፍትልኝ መኖሩን እንጃ። ስለዚህ በመጪው እሑድ፣ ዕድሩ ሲሰበሰብ፣ አቶ አዘዘ እንዲለፍፉ ለምኛቸዋለሁ። ሐተታ ሳይጨምሩ፣ የሟች ስም በሚጠሩበት በዚያ ድምፃቸው፣ የበሽታውን ስም ይጥሩ፤ የእኔንም ስም ይጥሩ። ሰገነት ገብረ ኪዳን የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ነበር፣ ውጭ አገር አልሄደችም፣ መድኃኒት ወስዳ እየዳነች ነው፣ የሚያስለው ሁሉ ይመርመር ይበሉ። እሳቸው «መሪጌታ ከፈቀዱ» ብለውኛል። ያለ እርስዎ ፈቃድ አያደርጉትም።

ያን ዕለት ስለ እኔ ቆመው የተናገሩት እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ኀፍረቱ ወደ እርስዎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማሉ። ይህን ላስቀርልዎት ብችል ባስቀረሁ። ግን ዝምታችን ምን እንዳመጣ የምታሳየው ልጅ አጠገብዎ ተቀምጣለች፤ ይዩዋት።

ይህን ሲያነብቡ እኔ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ነኝ። እስኪጠሩኝ አልገባም። ካልጠሩኝም እሌኒ ምን እንደተባለች ከአቶ አዘዘ እሰማለሁ፤ ከዚያ ማደሪያ አላጣም። ስለ እኔ ዛሬ መወሰን የለብዎትም። ስለ ልፈፋው ግን ይወስኑልኝ፤ እሑድ ሩቅ አይደለም።

እባክዎ አባቴ፣ ይለፍፉ ይበሏቸው።

ልጅዎ ሰገነት
ቁንዝላ፣ መርከቡ ላይ፣ የካቲት ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.