ደረቴ አይደለም፣ ኬዙ ነው

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ትናንት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። «ጓደኛዬን በሰው ፊት አዋረድሽው፣ የስቱዲዮውን ቁልፍ ስጪውና አርፈሽ ተቀመጪ» አልክና ጥርቅም፣ እኔ ገና «ጋሼ፣ መጀመሪያ ስማኝ» ከማለቴ። እንደምን ሰነበትክ ብዬ መጀመር እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ንዴቱ ካልወጣ ሌላው አይወጣልኝም። በስልክ አታስጨርሰኝም፣ ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ነው ብለህ ሳቅ ከፈለግክ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው። ጓደኛህ ቁልፉን ለመውሰድ ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብሏል፣ የሙዚቃ ቡድናችሁን ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ይነሳል፣ በእሱ እጅ እልክልሃለሁ።

ከቁልፉ ጋር ምን እንደሚሄድብኝ ታውቃለህ። ለእትዬ መምህር አሥራ ሁለት የልጆች ተረት ልቀዳ ቃል ገብቻለሁ፣ ስድስቱ ይቀራሉ፣ ክፍሉ ከተዘጋብኝ እነሱም ሄዱ ማለት ነው። ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠች ልጅ «ድምፅሽን እፈልገዋለሁ» ያለ ሰው እስከ ዛሬ እሳቸው ብቻ ናቸው። አንተ እንኳን አላልከኝም።

ስትሄድ ምን ብለህ ነበር? ለጓደኛህ «ኮምፒውተሩ መሬት ላይ አቧራ በላው፣ ከዕቃ መደርደሪያው፣ ከራኩ ውስጥ የሚገባ ኬዝ ፈልግና እሰርልኝ» አልከው። ለእኔ ደግሞ «እሱ ያውቃል፣ የሚልሽን አድርጊ፣ ምንም እንዳትነኪ»። ሰው ሁሉ ኢንጂነር ይለዋል፣ ማን እንዳስመረቀው እግዜር ይወቅ። ከኬዙ ጋር በዚያች ሁለት እርምጃ በሦስት በሆነች ክፍል ተዘግቼ የምውለው እኔ፣ የሚመርጠው እሱ። አንድ ሰው እንኳ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላለኝም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ፣ መጀመሪያ የናቅከኝ አንተ ነህ፣ እሱ የነቀነቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ይዞት የመጣው ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የወጣ፣ ቀጭን፣ ጥቁር የብረት ሳጥን፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ የሚልበት ነበር። «ባለ ሁለት ነው፣ ከራኩ ሁለት እርከን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ቦታ አይበላም፣ እይው እስቲ ሲያምር» አለኝ። ፎቶ አንስቶ ላከልህ፣ አንተም «አንበሳ» ብለህ መለስክለት። መብራቱን አየህ፣ ድምፁን አልሰማህም። እኔ «ይጮኻል እኮ» አልኩት። «ትልቅ ኮምፒውተር ሁሉ ይጮኻል፣ መኪናስ አይጮኽም? አንቺ ተረትሽን አውሪ» አለኝና ፊት ለፊቱ መጋረጃ ሰቀለበት። እውነቴን ነው፣ መጋረጃው ሲጋረድ ጩኸቱ ቀነሰ፣ ቁጭ ስትል ብዙም አይሰማህም። ግን ውስጡ ያሉት ትንንሽ ማራገቢያዎች ኮምፒውተሩ ሲሠራ ይፈጥናሉ፣ ሲያርፍ ይዘገያሉ፣ ሽሽሽ ብሎ ወደ ላይ፣ ሽሽሽ ብሎ ወደ ታች። ልክ እንደሚተነፍስ ሰው።

ተረት ደግሞ እንደ ዘፈን አይደለም ጋሼ፣ ከበሮ የለውም የሚሸፍንልህ። ጥንቸሏ ስትደበቅ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ያኔ ማይኩ ሁሉን ይለቅማል። ጓደኛህ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማ፣ ሰማና «ደረትሽ ነው» አለ። «ሲር ሲር ይላል፣ ሲወጣ ሲወርድ ይሰማል።» ለእትዬ መምህርም ነገራቸው። ለአንተም ነገረህ። አንተ ምን አልከኝ? «የእማዬ ደረት ነው፣ ሄደሽ ተመርመሪ።»

ይህን ስትለኝ የት እንደቆምኩ ታውቃለህ? ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ ሰሃኑን ይዤ ቀረሁ። እማዬ በምን እንደሄደች አብረን አይተናል፣ አልጋዋን አብረን ነው ያነሳነው። ዘጠኝ ቀን፣ ጋሼ። ዘጠኝ ቀን ትንፋሼን ስቆጥር ከረምኩ፣ ደረጃ ስወጣ እየቆምኩ፣ ሳል በመጣ ቁጥር መሀረቤን እያየሁ። ስቀዳ ትንፋሼን ይዤ ነው የማወራው፣ አንዴማ ዞሮብኝ የማይኩን እግር ይዤ ተንሸራተትኩ፣ ጓደኛህ «ማይኩን ተጠንቀቂ» አለኝ፣ እኔን አይደለም። እትዬ መምህር አዘኑልኝ፣ ያው ደግ ናቸው፣ ለብ ያለ ውኃ አቀረቡልኝና «እንዳትደክሚ ልጄ፣ የቀሩትን ስድስት ለሌላ ልጅ እንስጣቸው» አሉ። ደግነታቸው ገደለኝ። የሰፈሩ ባለሱቅ እንኳ ሳሙናውን እጁን ዘርግቶ ከሩቅ ማቀበል ጀመረ። ወሬውን ማን እንዳደረሰው አልጠይቅህም።

በአሥረኛው ቀን ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ቀዝቃዛውን ብረት ጀርባዬ ላይ አድርጎ «ተንፍሺ፣ አሁንም ተንፍሺ» አለኝ፣ ሠላሳ ጊዜ ያህል ተነፈስኩለት። ራጅም አነሳኝ።

«ታመሻል ያለሽ ማነው?» አለ።

«ኢንጂነር።»

«የምን ኢንጂነር?»

«የድምፅ።»

ሳቀ። «እኔ የደረት ነኝ። ደረትሽ ንጹሕ ነው፣ ከእኔ ይሻላል» አለና ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታልኝ።

ከዚያ ቀጥ ብዬ ወደ ቤት፣ ወደ ስቱዲዮው። ጫማዬን ሳላወልቅ ያስተማርከኝን አንዲት ቁልፍ፣ የመቅጃዋን፣ ተጫንኩና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣሁ፣ ሁለት አንሶላና ያንተን ሸሚዞች። ተመልሼ አዳመጥኩት። ጋሼ፣ በሽታዬ እዚያው ነበር። ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ወደ ላይ ሽሽሽ፣ ወደ ታች ሽሽሽ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ፣ ከዚያ ደግሞ እንዲህ ያለ ንዴት በሕይወቴ አላውቅም፣ ጥርሴ እስኪያመኝ።

ለጓደኛህ ደወልኩ፣ «ድምፁ ከኬዙ ነው» አልኩት። «ኬዙን የመረጥኩት እኮ እኔ ነኝ» አለኝ። መልስ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ራሴ ሄድኩ፣ አዎ፣ ያልከኝን ጥሼ። ራክህን በሲባጎ ለካሁት፣ ለወርዱ አንድ ቋጠሮ፣ ለከፍታው አንድ፣ ወደ ውስጥ ለሚገባው አንድ። ኮምፒውተሩን ነቅዬ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩትና ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌ አሮጌ ኮምፒውተር የሚጠግኑት ሽማግሌ ጋ ወሰድኩት። መንገዱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዘፈኖችህ አብረው የሚፈሱ ይመስለኝ ነበር።

«ምን ዓይነት ትፈልጊያለሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ዝም የሚል።»

«ጉድ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚመጣው የሚያበራ ፈልጎ ነው» አሉና የጓደኛህን ኬዝ ከፈቱት። «ይሄን አየሽ፣ ቀጭን ስለሆነ የሚገባው ማራገቢያ እንደ ብርጭቆ አፍ ትንሽ ነው። አጭር ሰው ከረጅም ጋር እኩል ለመሄድ ምን ያደርጋል?»

«ይሮጣል።»

«ሲሮጥስ?»

«ያለከልካል።»

«በቃ፣ ጨረስሽ። ይሄ የተሠራው ሰው ለማይቀመጥበት ክፍል ነው።»

ሦስት ኬዝ አወረዱልኝ፣ ሦስቱም ራክ ውስጥ በብሎን የሚታሰሩ። ከመንገዱ ጫጫታ ራቅ ብሎ ጓዳ መጋዘን አላቸው፣ እዚያ አስገብተው አንድ በአንድ እየሰኩ አስነሱልኝ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን አስጠጋሁ። አንደኛው ያፏጫል። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ ግን ቆርቆሮው ስስ ነው፣ በእጄ ነካ ሳደርገው ይንቀጠቀጣል፣ የዘፈንህ ባስ ሲመታ አብሮ ሊዘፍን ነው። ሦስተኛውን «ይሰኩት እንጂ» ብላቸው «ከተሰካ ቆየ» አሉኝ። ባለ አራት ነው፣ ቁመቱ የዚያ እጥፍ፣ ከባድ፣ ግራጫ፣ በሩ ላይ ጭረት ያለበት፣ አንዲት መብራት የሌለው። ከበሩ ውስጥ ስፖንጅ ለጥፈውበታል፣ ማራገቢያው የሰሃን ያህል ሆኖ ቀስ ብሎ ይዞራል። «ቦታ ይበላል» አሉኝ። «ይብላ» አልኩ። ቀጭኑን መሥሪያ ቤቶች ይፈልጉታል ብለው በለውጥ ተቀበሉኝ። የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ከአንዱ ኬዝ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ብሎኖቹን በሻይ ብርጭቆ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲጨርሱ አንዲት ተረፈች። «ይቺስ?» ስላቸው «እሷ ሁሌም ትተርፋለች» አሉ፣ አላሳቀኝም፣ ከውስጡ የጎደለች መሰለችኝ።

አሁን የፈራሁትን ልንገርህ። ኬዙን በሲባጎ ለክቼ ልክ ነው ብያለሁ፣ ከኋላው የሚወጡት ገመዶች መታጠፊያ እንደሚፈልጉ ግን አላሰብኩም። ራኩ አራት ጣት አጠረ። የራክህን የኋላ ጣውላ፣ አንተ ራስህ ልገህ የቀባኸውን፣ በመጋዝ ቆርጬዋለሁ። የተቆረጠውንም አልጣልኩትም፣ ሽማግሌው «ከፊቱ ብሎን በሚገባባቸው ጆሮዎች ብቻ አታንጠልጥዪው፣ ከሥር ይደገፍ» ስላሉኝ ለድጋፍ ከሥሩ አስገብቼዋለሁ። ተናደድብኝ፣ በዚህ መብት አለህ።

ከዚያ ማስነሻውን ተጫንኩ። ምንም። ጭጭ። ገደልኩት አልኩ፣ የአምስት ዓመት ዘፈን፣ የአንተን ላብ፣ ገደልኩት። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ምን ብዬ እንደምነግርህ ሳስብ ቀና ስል ስክሪኑ በርቷል። ሁሉም ነገር ሲሠራ ነበር፣ ዝም ብሎ።

የጥንቸሏን ተረት እንደገና ቀዳሁና በማግስቱ ጓደኛህና እትዬ መምህር ሊሰሙ መጡ። ያዋረድኩት እዚህ ላይ ነው፣ እንግዲህ ፍረድ። ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው መጀመሪያ ባዶውን ክፍል የቀዳሁትን ከፈትኩላቸው። ጓደኛህ ጣቱን አንስቶ ማስረዳት ጀመረ። «ይስሙ እትዬ፣ እዚህ ጋ ወደ ውስጥ ትስባለች። እዚህ ጋ ታወጣለች። አሁንማ ብሶባታል፣ ማውራትም አቅቷታል።» እትዬ መምህር ከንፈራቸውን መጠጡ፣ እጄን ያዙኝ።

«ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለ ጓደኛህ።

«ሰው የለበትም። እኔ ውጭ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ቆይ፣ መጨረሻው ላይ ስገባ ይሰማል።»

ሦስታችንም ጠበቅን። ረጅም ነበር፣ ሁለት አንሶላ የሚሰጣበት ጊዜ እኮ ነው። ከዚያ በሩ ሲጥጥ አለ፣ ጫማዬ ቋ ቋ ቋ። እትዬ መምህር ወደ ጓደኛህ ዞሩና «ታዲያ ይሄ የማን ደረት ነው?» አሉት። እሳቸው ናቸው የሳቁት፣ እኔ አልሳቅኩም። አዲሱን ቅጂ ስከፍትላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፣ ከመጀመሪያው ቃል በፊት አንዴ ስተነፍስ ይሰማል፣ የራሴ ትንፋሽ። «ይቺን እንዳትቆርጡብኝ፣ ልጅ አጠገቡ ሰው እንዳለ የሚያውቀው በዚች ነው» አሉ። ስድስቱንም ተረት መለሱልኝ። ጓደኛህ ያኔ ነው ወደ ራኩ ዞር ብሎ «ኬዙን ማን ንኪ አለሽ?» ያለው፣ በሩን ወርውሮ ሄዶ የደወለልህ።

እሱን ተቆጣው አልልህም፣ የአንተ ጓደኛ ነው። ግን ታማለች ያለበት ሱቅ ሄዶ አልታመመችም ይበል፣ አፉ ያደረሰውን እግሩ ይመልሰው። አንተ ደግሞ የእማዬን ደረት አንስተህብኛል፣ ሳታየኝ፣ ሳትሰማኝ፣ በሰው ወሬ። ለዚህ አንድ ቃል አለብህ። ጣውላውን ስትመጣ አብረን እንጠግነዋለን፣ ይሄኛውን ግን አንተ ብቻ ነህ የምትጠግነው።

የክሊኒኩን ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ፣ ማኅተሙን እየው። ይህን ሁሉ አንብበህ «አሁንም ስጪው» ካልከኝ፣ ታላቄ ነህ፣ ቤቱም ያንተ ነው፣ ቁልፉን እሰጠዋለሁ። ሳታነብ ግን አልሰጥም። ፈርቻለሁ፣ ግን አልሰጥም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰባተኛውን ተረት እቀዳለሁ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ። መጥቶ ቢያንኳኳ ማንኳኳቱም ይቀዳል።

ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነው፣ እግዜር ይጠብቅህ፣

ታናሽ እህትህ