ሐሊሞ ሌባ አይደለችም

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ጠዋት

ግቢያችን እንደገና በቀረጻ ገመድና በመብራት ተሞልቷል። የፊልም ሰዎቹ የልብስ ማስጫዬን ነቅለውታል። ይሁን። የአባባ የመርማሪ ታሪኮች በቴሌቪዥን ሊታዩ ነው! ባቡር ላይ እየሠራ የጻፋቸው፤ ያኔ ከተማው ሁሉ እየተዋዋሰ ያነበባቸው፤ ዛሬ ግን ከገበያ የጠፉ። ወንድሜ ሳምሶን በደስታ መሬት አልበቃውም።

አንድ ነገር ግን አናደደኝ። የታሪኮቹ መርማሪ፣ መቶ አለቃ ደርሶ፣ ካፖርት ለብሷል። በግንቦት! ድሬዳዋ ላይ! ተዋናዩ ላቡ ይንቆረቆራል። ዳይሬክተሩን ብጠይቀው፣ መርማሪ ካፖርት ይለብሳል አለኝ። አባባ ደርሶን ሽርጥ አስታጥቆ ነበር የጻፈው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ስሚኝማ ማስታወሻዬ! ደርሶ ሶማልኛ አይችልም ተባለ። ኦሮምኛም። ከአዲስ አበባ የተላከ ሰው ነው አሉ። የአባባ ደርሶ እኮ ከመጋላ ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር ሁሉን በየቋንቋው እያዋራ ነው ምስጢር የሚፈታው! ለሳምሶን ነገርኩት። አቦ ተይ፣ ብቻ የአባባ ስም ይውጣ አለኝ። ተውኩት።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

አልችልም።

ጎረቤቴ ሰዓዳ መጣች። ሐሊሞን ሆና የምትጫወተው እሷ ናት። በአባባ ታሪክ ባቡር ላይ የነጋዴ ሻንጣ ይጠፋል፤ ሁሉም ጣቱን ሶማሌዋ ሻይ ሻጭ ሐሊሞ ላይ ይቀስራል። ደርሶ ብቻ ቁጭ ብሎ በቋንቋዋ ይሰማታል። ንጹሕ ናት። ሻንጣውን የደበቀው ራሱ ነጋዴው ነው።

ዛሬ በተሰጣት ጽሑፍ ላይ ግን ሐሊሞ እያለቀሰች፣ ሰርቄያለሁ ትላለች።

ሰዓዳ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ጣለችው።

«አባትሽ እንዲህ ነው የጻፈው? እናቴ እኮ ይህን ታሪክ እየተረከችልኝ ነው ያደግኩት!»

ዳይሬክተሩ ዘንድ ሮጥኩ። እንዲህ ሲሆን ለተመልካቹ ይቀለዋል አለኝ። ይቀለዋል!

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ቀረጻ። ሰዓዳ ካሜራው ፊት ቆማ፣ «አልሰረቅኩም» አለች። አስቆሟት። ድገሚ ተባለች። «አልሰረቅኩም።» ለሦስተኛ ጊዜ በሶማልኛ፣ «ወላሂ ማ ቃዲን!» ወላሂ አልወሰድኩም ማለቷ ነው።

ዳይሬክተሩ በሰው ፊት ደንቆሮ ብሎ ሰደባት። ሰዓዳ ማይኩን ከልብሷ ላይ ፈታ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ሳምሶን መሬት መሬቱን ያያል።

ዳይሬክተሩን፣ ወይ ታሪኩን መልስ ወይ የአባቴን ስም ከፊልሙ ላይ ሰርዝ አልኩት። ሳቀ። ፈርማችኋል እኮ አለ። ነገ ሌላ ሴት አምጥቶ እዚሁ፣ አባባ በሞተበት ሳሎን፣ ሰርቄያለሁ ሊያሰኛት ነው።

ዓርብ፣ ጠዋት

ከሳምሶን ጋር ተጣላን። ይህ ከቀረ አባባን ማን ያስታውሰዋል? ሌላ ፊልም ሠሪስ ማን ይመጣልናል? አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ስሙን ለማየት ጓጉቼ ነበር። አሁንም እጓጓለሁ። ያቃጥላል።

የሰዓዳ እናት ይህን ፊልም ቁጭ ብለው ሲያዩ ምን ትላቸዋለህ አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። ተቆጥቶ የሄደ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ የሰንሰለት ድምፅ ሰማሁ። የግቢውን በር እያሰረ ነው።

የፊልም ሰዎቹ መኪና ደረሰ። ክላክስ ያንባርቃል። ሳምሶን፣ እኔ ላናግራቸው ወይ ይላል። አይሆንም። እኔው ነኝ የምነግራቸው፦ ሐሊሞ ሌባ አይደለችም።