ቫርኒሽ የቀባሁት መዳብ

እንደ እናት ላሳደግሽኝ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ጎንበስ ቀና ያስብልሻል ወይስ ዛሬም ያስቃስትሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አባባ ደህና ናቸው? እኔ አካሌ ጤና ነው፤ የጎደለኝ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ነው።

ሆስፒታል ውስጥ በፅዳት ሥራ እንደተቀጠርኩ ነግሬሽ ነበር። እዚህ ስሜም «ፅዳት» ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው የነካውን ስወለውል እውላለሁ፤ እኔን የሰው እጅ ከነካኝ ግን ወራት አለፉ። ማታ ክፍሌ ገብቼ ከድስቴ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

እኔ በማፀዳው ክፍል የበሮቹን እጀታ በመዳብ ቀየሩት። ነርሷን ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ ጀርም እንደ ድሮው እጀታ ባለ የማይዝግ ብረት ላይ ቀናት ሊቆይ ይችላል፣ መዳብ ላይ ግን በሰዓታት ውስጥ ይሞታል አለችኝ። ታዲያ ብዙም ሳይቆይ መዳቡ ጠቆረ። ያኔ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶኝ ነበር፤ ካለፍኩ በጥር ፈቃድ ወጥቼ፣ አባባ ጨርሶ ሳይረሳኝ እደርስበታለሁ እያልኩ ጠብ እርግፍ እል ነበር። በሎሚና በጨው ፈትጌ አጠራሁትና ዳግመኛ እንዳይጠቁር ቫርኒሽ ቀባሁት። አለቃዬ ማብረቁን አይታ ፈገግ አለችልኝ።

ከዚያ የላቦራቶሪው ባለሙያ እጀታዎቹን መረመረ። ጀርሙ እንደ ድሮው ነው፤ መዳቡ አልሠራም፣ ይነቀል ተባለ። ለእኔ ወዲያው ገባኝ፤ ጀርሙ የሚያርፈው ቫርኒሹ ላይ ነው፣ መዳቡን ካልነካ በምን ይሞታል? ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ። አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ ስትቀቢ ማንም አላየሽም፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለችኝ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ቁስላቸው አልድን ያላቸው አንድ ሽማግሌ እጀታውን ተደግፈው ሲወጡ አየኋቸው። ጣቶቻቸው ልክ እንደ አባባ ይንቀጠቀጣሉ። ቀጥ ብዬ አለቃዬ ቢሮ ገባሁና «የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

አላባረረችኝም። የሙከራ ጊዜዬን ግን ስድስት ወር አራዘመችው። ቫርኒሹን ፍቄ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አሁን እጀታዎቹ ጥቁር ቡናማ ናቸው፣ አያምሩም፤ ባለሙያው እንደገና መርምሮ ጀርሙ ቀንሷል ብሏል። እኔ ግን በጥር አልመጣም፣ እትዬ። ደብዳቤው የዘገየው ይህችን ቃል መጻፍ አቅቶኝ ነው። መናገሬ አይቆጨኝም፤ ሆኖም ሆዴ ባብቶ አልቅሻለሁ።

ባለቤትሽን አክብሬ ሰላም እላለሁ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሿ ጥርሷ በቀለ? ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ጋሼን ሰላም በይልኝ። አባባ ሰላምታዬን ስትነግሪው «ማን ናት?» ቢልሽ አታርሚው፣ ላስታውስህ ብለሽም አታስጨንቂው። ዝም ብለሽ አጠገቡ ተቀመጪና እጁን ያዢልኝ። ቶሎ አትልቀቂው።

ታናሽ እህትሽ
ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር 12 ቀን