ዶክተር መዝገቡ ውዳሴ እና መልስ ያላገኘው ደብዳቤ

ዶክተር መዝገቡ ውዳሴ ከአባታቸው ከአቶ ውዳሴ ጥሩነህና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺመቤት ወልዴ መጋቢት 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በቀድሞው ጎጃም ክፍለ ሀገር ደጀን ከተማ ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በክፍለ ሀገሩ አጠናቀው በ1970 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በፊዚክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው በመምህርነት ከቆዩ በኋላ፣ ለሦስተኛ ዲግሪያቸው ጣሊያን ሄደው በ1986 ዓ.ም. ተመለሱ። ለምን እንዳልቀሩ ሲጠየቁ፣ ለእኔ ሥራ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፣ እሱ ደግሞ መካኒሳም አለ ይሉ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፀሐይወርቅ በላይ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ምስጢርን አፍርተዋል። የሚያጠኑት ኒውትሪኖ ስለሚባሉት፣ ከአቶም እጅግ ያነሱ፣ ግድግዳም ሰውም ስለማያግዳቸው ቅንጣቶች ነበር። መካኒሳ በሚገኘው ቤታቸው፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ እየጻፉ ሠላሳ አንድ ጥናቶች አሳትመዋል። ከሁሉም ስመ ጥር የሆነው በ1997 ዓ.ም. የወጣው ሲሆን፣ እስከ ዛሬ 640 የሌሎች ሰዎች ጥናቶች ጠቅሰውታል።

በዚያ ጥናት ላይ ግን ሁለት ስም አለ። አንዱ የእኔ፣ የታናሽ ወንድማቸው የእስጢፋኖስ ነው። እሳቸው በሚያስተምሩበት የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል እኔም አስተምር ነበርና፣ ለደረጃ ዕድገት የታተመ ጽሑፍ አጥቼ ስጨነቅ አይተው ስሜን ከስማቸው ጋር አስገቡት። እኔ የሠራሁት አንድ ሠንጠረዥ መተየብ ብቻ ነው። ሐሳቡም ስሌቱም የእሳቸው ነው። በሙያቸው ልማድ የጸሐፊዎች ስም የሚቀመጠው በፊደል ተራ እንጂ በድካም መጠን አይደለም፤ በፈረንጅ ፊደል ደግሞ እኔ እቀድማለሁ። እኛ ዘንድ ፊተኛው ስም የሥራው ባለቤት ተደርጎ ይታያል። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ ደረቴን ነፍቼ ዕድገቴን ተቀበልኩ።

በ2003 ዓ.ም. ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ሲያመለክቱ ኮሚቴው ዋናው ጥናት የወንድምዎ ነው አላቸው። የፊደል ተራ ነው ብለው ቢያስረዱም፣ ወንድምዎ ያረጋግጥልን ተባለና ደብዳቤ ተላከልኝ። አንድ መስመር ጽፎ መመለስ ምን ይከብዳል? እኔ ግን የራሴን ዕድገት እንዳይነጥቁኝ ፈርቼ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መልስ ስላልመጣ ማመልከቻቸው ወደቀ፤ በ2011 ዓ.ም. በተባባሪ ፕሮፌሰርነት ጡረታ ወጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ስንት ዓመት አዳፍኜ አቆየሁት።

ወንድሜ ላለፉት ሁለት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። በመስከረም ወር ሆስፒታል አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ፣ «እስጢፍ፣ ያ ደብዳቤ ደርሶህ ነበር?» አሉኝ።

«አልደረሰኝም ጋሼ» አልኳቸው።

«እኔም ለፀሐይወርቅ እንደዚያ ነው የነገርኳት» አሉና ውሃ እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ።

ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ማሞ ይህን ጽሑፍ አይተው፣ የሕይወት ታሪክ የሟች ነው፣ ንስሐህን ለነፍስ አባትህ ንገር ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ሆኖም ወንድሜን ያዋረድኳቸው በሰው ፊት ስለሆነ፣ በሰው ፊት ካልተናገርኩት ንስሐ አይሆንልኝም። ወ/ሮ ፀሐይወርቅን ፈቃድ ስጠይቃቸው ቀና ብለው ሳያዩኝ «ይነበብ» አሉ። ለትምህርት ክፍሉም የዘገየ መልሴን ትናንት አስገብቻለሁ። ለሳቸው ምን ሊያደርግላቸው!

ዶክተር መዝገቡ ባለቤታቸውን፣ አንድ ልጃቸውንና ይህን የጻፍኩትን እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለወ/ሮ ፀሐይወርቅና ለምስጢር መጽናናትን ይስጥልን።

ደርሶኝ ነበር፣ ጋሼ።